ቆሪ ኢስማሪስን ማን ይሣለው?

የጅግጅጋና የአካባቢዋ ተረት ወደ ካርድ ጨዋታ ሥዕል የሚገባበት መንገድ

ከሐረር ወደ ጅግጅጋ የሚወስደው መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ባቢሌን አልፈው ጥቂት እንደተጓዙ ዳካታ ሸለቆ ይቀበልዎታል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆሟል፤ ከታች ቀጠን ያለ ምሰሶ፣ ከላይ ዛሬ ነገ ይወድቃል የሚያሰኝ ቋጥኝ። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ወደ ሐረር በኩል ስታዘቀዝቅ ድንጋዩ ይቀላል፣ ጥላው ይረዝማል። አንዱ ያጎነበሰች አሮጊት ይመስላል፣ ሌላው አንገቱን ያቀረቀረ አውሬ። ፍየል የሚነዳ ልጅ በመካከላቸው ሲያልፍ ግዝፈታቸው ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። ከዚያ መንገዱ ካራማራን ወጥቶ ይወርዳል፤ ከተራራው ማዶ፣ ሜዳው ላይ ጅግጅጋ ናት።

በዚህ ምድር ጅብ የሩቅ እንስሳ አይደለም። ሲመሽ ከከተማ ዳር ይጮሃል፣ ከበረት ይዞራል። አያቶች ማታ ልጆች ሰብስበው «ሼኮ ሼኮ» ሲሉና ልጆቹ «ሼኮ ሐሪር» ብለው ሲመልሱ ከሚመጡት ተረቶች አንዱም የእርሱ ነው። ባለታሪኩ ቆሪ ኢስማሪስ ይባላል። ቀን እንደማንኛውም ሰው በሰፈር ይውላል፤ ሲጨልም አስማተኛ በትሩን አንሥቶ ገላውን ያሻል፣ ጅብ ይሆናል። ጎህ ሳይቀድ በዚያው በትር ራሱን አሽቶ ወደ ሰውነቱ ይመለሳል። ጠዋት ሰላምታ የሰጠህ ሰው ሌሊት በረትህ አጥር ሥር ያደረው ጅብ ሊሆን ይችላል።

ከቆሪ ኢስማሪስ እኩል የምትፈራው ዴግዴር ናት። አንድ ጆሮዋ ረዥም የሆነ፣ በሩጫ የማትቀደም፣ ሰው በላ ሴት። የመንገደኛውን ኮቴ በዚያ ጆሮዋ ከሩቅ ትሰማለች። እርሷ በሕይወት ሳለች ምድሩ ደርቆ ነበር፤ በሞተች ጊዜ ዝናብ ዘነበ፣ ሣር በቀለ ይባላል። ድርቅን በዓይኑ ላየ አርብቶ አደር ይህ ከልጅ ማስፈራሪያ በላይ ነው። የምድሪቱን መከራ በአንዲት ፍጡር መልክ መናገር ነው።

ጭራቅንና አያ ጅቦን እየሰማ ላደገ አማርኛ አንባቢ ሁለቱም ዘመድ ናቸው። የሁሉም ዕድል ደግሞ አንድ ነው፤ ለዘመናት የኖሩት በድምፅ ነው። መልካቸውን እያንዳንዱ ልጅ በጨለማ ውስጥ ለብቻው ሣለው። ዛሬ ግን በዓለም ላይ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች የማይጨበጡ ፍጡራንን በካርድ ላይ ተሥለው እያዩ፣ እየሰበሰቡና እየተጫወቱባቸው ነው። እነዚያን ሥዕሎች የሚሠሩ ሰዎች በዲጂታል ብዕር የሚተዳደሩ ባለሙያዎች ናቸው። የዚህ ዘገባ ጥያቄ የጅግጅጋ፣ የሽንሌና የቶጎ ውጫሌ ልጆች ከነዚህ ባለሙያዎች መካከል የማይገኙበት ምክንያት ሊኖር ይገባል ወይ የሚል ነው።

ከሒሳብ ምሁር እጅ የወጣ ጨዋታ

እ.ኤ.አ. በኦገስት 1993 ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ምሁር የፈጠረውን «ማጂክ፦ ዘ ጋዘሪንግ» የተሰኘ ጨዋታ ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው ኩባንያ ለገበያ አቀረበ። የመጀመሪያው እትም 295 ካርዶች ነበሩት። ከተለመደው ካርታ የሚለየው ተጫዋቹ የራሱን ካርዶች ሰብስቦና መርጦ የሚመጣ በመሆኑ ነው። እያንዳንዱ ካርድ ስም፣ እንደ ዓይነቱም ዋጋ፣ ኃይልና ሕግ ተጽፎበታል፤ ከሁሉ በላይ ሥዕል አለው። በ1996 በጃፓን የፖኬሞን ካርድ ጨዋታ ተከተለ። በ2014 ደግሞ «ሀርትስቶን» ወረቀቱን ትቶ ጨዋታውን በኮምፒዩተር መስኮት አመጣ።

መጀመሪያ ላይ የማጂክ ሥዕሎች በእጅ፣ በቀለምና በብሩሽ የተሠሩ ነበሩ። ዛሬ አብዛኛው ሥራ በዲጂታል ነው። መሣሪያው ቢለወጥም ሥራው አልተለወጠም። የካርዱ ወርድ 63፣ ቁመቱ 88 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከዚህ ውስጥ ለሥዕሉ የሚቀረው ቦታ ከክብሪት ቀፎ ብዙም አይበልጥም። በዚህች ቦታ ላይ የተሣለውን ፍጡር ከጠረጴዛ ማዶ የተቀመጠው ተጫዋች በጨረፍታ ሊያውቀው ይገባል። ጨዋታው ሲሞቅ ጽሑፉን የሚያነብ የለም፤ ሁሉም የሚያየው ሥዕሉን ነው።

ለጅግጅጋ ሰው ጨዋታ እንግዳ አይደለም። ሶማሌዎች አሸዋ ላይ መስመር አስምረው በጠጠር የሚጫወቱት ሻሕ የማሰብና የመቅደም ጨዋታ ነው። ቱሩብ የሚሉት የካርታ ጨዋታም በሻይ ቤት ደጃፍ የተለመደ ነው። አርብቶ አደሩ ተረትም ጨዋታም አለው። ያልተገናኙት ሁለቱ ናቸው።

ስለ እኛ ሌሎች የሣሉት

በምዕራቡ ዓለም የአውሬ መጻሕፍት ውስጥ ግን ኢትዮጵያ ቦታ ያገኘችው ከሁለት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ነው። እ.ኤ.አ. በ79 የቬሱቪየስ ተራራ በፈነዳ ጊዜ የሞተው ሮማዊ ጸሐፊ ፕሊኒ፣ ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን ሰፊ ምድር ኢትዮጵያ እያለ፣ የእንስሳቱን ዝርዝር ጽፏል። ክንፍና ቀንድ ያላቸው ፈረሶች አሉ ይላል። ራሱ ከብዶት ሁልጊዜ መሬት መሬት የሚያይ፣ ቀና ብሎ ያየውን ግን በዓይኑ የሚገድል ካቶብሌፓስ የተባለ አውሬ አለ ይላል። የሰውን ድምፅ የሚያስመስል ሌውክሮኮታ የተባለ ፍጡርም ይጠቅሳል። ስለ ጅብ ሲጽፍ ደግሞ በእረኞች ጎጆ አጠገብ የሰው ንግግር አስመስሎ፣ የአንዱን ስም አጥንቶ፣ በስሙ ጠርቶ ካወጣው በኋላ ይቦጫጭቀዋል ብሏል። በዚህ የጅብ ወሬ ውስጥ ከቆሪ ኢስማሪስ ጋር የሚቀራረብ ነገር አለ።

እነዚህ አውሬዎች በመካከለኛው ዘመን የብራና መጻሕፍት በኩል አልፈው ወደ ዘመናችን ጨዋታ ገቡ። እ.ኤ.አ. በ1977 የታተመው የ«ደንጀንስ ኤንድ ድራገንስ» የአውሬዎች መጽሐፍ ካቶብሌፓስንም፣ ሌውክሮታ በሚል ስም ሌውክሮኮታንም ይዟል። በማጂክ የ2013 «ቴሮስ» እትም ካቶብሌፓስ በካርድ ላይ ተሥሏል። የጅብ ራስ ያላቸው ሰው መሰል ተዋጊዎችም በእነዚህ ጨዋታዎች የታወቁ ናቸው። ማጂክ በ1996 «ሚራዥ» የተሰኘውንና ከአፍሪካ መነሻ የወሰደውን እትም አውጥቷል።

ይህን መቃወም አያስፈልግም፤ ተረት ድንበር የለውም። ሆኖም አንድ እውነት አለ። ጅብን በመጽሐፍ ያወቀ ሠዓሊ የሚሥለው ጅብና፣ በረት ሲጠብቅ ያደገ ሰው የሚሥለው ጅብ አንድ አይሆኑም። የመጀመሪያው ጥርስና ጥፍር ያበዛል። ሁለተኛው ጅብ ከመምጣቱ በፊት ፍየሎቹ እንዴት ዝም እንደሚሉ ያውቃል። ካርዱን የሚያሳምረው ይህ ዕውቀት ነው።

አንድ ካርድ፣ ከተረት እስከ ኅትመት

ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ለማየት ቆሪ ኢስማሪስን አንድ ካርድ ላይ እናውጣው። ሠዓሊው ጅግጅጋ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ፣ ላፕቶፕና የሥዕል ታብሌት ይዞ ተቀምጧል እንበል።

ሥራው የሚጀምረው ከትእዛዝ ነው። በትልልቅ ኩባንያዎች የሥዕል ዳይሬክተሩ ለሠዓሊው አጭር ጽሑፍ ይልካል፦ ፍጡሩ ማን ነው፣ የት ነው፣ ምን እያደረገ ነው፣ ስሜቱ ምን ይሁን። የእኛ ሠዓሊ ትእዛዙን ራሱ ይጽፋል። «ፍጡር፦ ወደ ጅብነት እየተለወጠ ያለ ሰው። ቦታ፦ ዳካታ፣ ከድንጋዮቹ ሥር። ጊዜ፦ ጨለማው ሊይዝ ሲል። ድርጊት፦ በትሩን ደረቱ ላይ እያሸ። ስሜት፦ የሚያውቁት ሰው ሲለወጥ ማየት የሚያመጣው ድንጋጤ።» የመጨረሻው መስመር ከሁሉ ይበልጣል። ተመልካቹ የሚፈራው አውሬውን ከሆነ ሥዕሉ ተራ ነው፤ የሚፈራው ሰውየውን ከሆነ ተረቱ ገብቷል።

ሁለተኛው ሥራ ማየት ነው። የማይኖር ፍጡር ታምኖ የሚታየው ከሚኖር እንስሳ ሲነሣ ነው፤ ለዚህ ደግሞ ከዚህ አካባቢ የተሻለ ቦታ ማግኘት ያስቸግራል። ሐረር ከጀጎል ግንብ ውጭ ሰው ማታ ማታ ጅብ በእጁ ያበላል። ሠዓሊው እዚያ አንድ ምሽት ተቀምጦ ቢያይ መጻሕፍት የማይሰጡትን ይማራል። የነጠብጣባሙ ጅብ የፊት እግሮች ከኋላዎቹ ይረዝማሉ፤ ጀርባው ከትከሻ ወደ ጭራ ያዘቀዝቃል። አንገቱ ወፍራም ነው፣ መንጋጋው አጥንት ይሰብራል። ሴቷ ከወንዱ ትገዝፋለች። ብርሃን ሲያርፍባቸው ዓይኖቹ ያበራሉ። ሰው ወደ ጅብ ሲለወጥ ይህ ሁሉ በአካሉ ላይ መታየት አለበት፦ ትከሻው ይነሣል፣ ወገቡ ዝቅ ይላል፣ ክንዱ ይረዝማል፣ አንገቱ ከጭንቅላቱ እኩል ይወፍራል። ጆሮው ገና የሰው ነው። በትሩን የያዘው እጅም ገና የሰው ነው።

ሦስተኛው ጥቃቅን ንድፍ ነው። ሠዓሊው አንድ ገጽ ላይ የካርዱን መስኮት ያህል ትንንሽ ሳጥኖች ይሥልና በእያንዳንዱ ውስጥ የተለየ አቀማመጥ ይሞክራል። ዝርዝር አይነካም፤ ጥቁር ቅርጽ ብቻ ነው። ፍጡሩ በጥላው ብቻ ካልታወቀ በቀለምም አይድንም። በአንዱ ንድፍ ሰውየው ፊት ለፊት ቆሟል፤ ይህ ደካማ ነው፣ የጅቡ ያዘቀዘቀ ጀርባ አይታይም። በሌላው በጎን ቆሟል፣ ጀርባው ከኋላው ካለው ድንጋይ ቁልቁለት ጋር አንድ መስመር ሠርቷል። ይኸኛው ይሻላል። ድንጋዩም አውሬውም አንድ ቋንቋ ይናገራሉ።

አራተኛው ብርሃንና ጥላ ነው። ንድፉን ያሳድጋል፤ የሚታተመው ትንሽ ቢሆንም ሠዓሊ ሥራውን ብዙ ጊዜ በትልቅ መጠን ይሠራል። 63 በ88 ሚሊ ሜትር የሆነ ካርድ በኢንች 300 ነጥብ ሲታተም ወርዱ 744፣ ቁመቱ 1,039 ፒክስል ይሆናል፤ ሠዓሊው ግን በጎኑ ሦስት ወይም አራት ሺህ ፒክስል በሆነ ገጽ ላይ ቢሠራ ያው ሥዕል በኋላ ለፖስተርም ይሆነዋል። በዚህ ደረጃ የሚጠቀመው ጥቁር፣ ግራጫና ነጭ ብቻ ነው። ደማቁ ብርሃንና ጥቁሩ ጥላ የሚገናኙበት ቦታ ዓይን የሚያርፍበት ነው፤ እዚያ በትሩን የያዘውን እጅ ያስቀምጣል። ተመልካቹ መጀመሪያ እጁን ያያል፣ ከዚያ ትከሻውን፣ ከዚያ ፊቱን። ተረቱም የሚተረከው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

አምስተኛው ቀለም ነው። ዲጂታል ሥዕል በሌየር ይሠራል፦ ድንጋዩ በአንድ፣ ሰውየው በሌላ፣ የምሽቱ ጭጋግ በሦስተኛ። አንዱ ቢበላሽ ሌላው አይነካም። ብዕሩ የእጅን ጫና ያነባል፤ ጠንከር ሲል መስመሩ ይወፍራል፣ ቀለል ሲል ይሳሳል። የቀለሙ ምንጭ ግን ከሶፍትዌሩ ውስጥ አይገኝም። ከቶጎ ውጫሌ ማዶ፣ ከሐርጌሳ ሰሜን ምሥራቅ በሚገኘው ላስ ጌል ዋሻዎች ውስጥ ከአምስት ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተሣሉ ከብቶች አሉ፤ እ.ኤ.አ. በ2002 አንድ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች ቡድን ከደረሰባቸው በኋላ ዓለም አወቃቸው። ቀይ አፈር፣ ነጭ፣ ጥቁርና ቢጫ፤ የላሞቹ አንገት በመስመር አጊጧል። በድሬዳዋ አጠገብ ባለው ፖርክ ኤፒክ ዋሻም ጥንታዊ ሥዕሎች አሉ። እንግዲህ የዚህ ምድር ሠዓሊ ገና የሚጀምር አይደለም። አባቶቹ ድንጋይ ላይ የጀመሩትን ቀለም አንሥቶ የቆሪ ኢስማሪስን ቆዳ በቀይ አፈር፣ የሌሊቱን ሰማይ በሰማያዊ ጥቁር ቢያለብሰው ሥዕሉ ከየት እንደመጣ ሳይነገር ይታወቃል።

ስድስተኛው ዝርዝር ነው፤ ብዙ ጀማሪ የሚስተው እዚህ ነው። እያንዳንዱን ጸጉር መሣል ያምረዋል። ልምድ ያለው ሠዓሊ ግን ዝርዝሩን ዓይን በሚያርፍበት ቦታ ብቻ አብዝቶ ሌላውን ያለዝባል። ከሰውየው ወገብ ላይ ሽርጡ ሊፈታ ተቃርቧል። ከሩቅ የአርብቶ አደሩ ክብ ጎጆ፣ አቃል፣ በጥቂት ሰረዝ ብቻ ይታያል። ከአጥሩ አጠገብ እሾህ ለመጎተት የሚያገለግለው ባለ መንታ ጫፍ በትር፣ ሐንጎል፣ ተደግፏል። ያየው የሶማሌ ተወላጅ ባይነገረውም ቤቱን ያውቃል።

የመጨረሻው ኅትመት ነው። የኮምፒዩተር መስኮት በብርሃን ያሳያል፣ ማተሚያ ቤት ግን በአራት ቀለም ያትማል፤ በመስኮቱ ላይ ያማረ የሌሊት ሥዕል በወረቀት ላይ ጥቁር ጭቃ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የምሽት ሥዕል የሚሥል ሰው ጥላውን ትንሽ ያበራዋል፣ ጠርዙንም ለመቁረጫ ጥቂት ሚሊ ሜትር ይጨምርለታል። ከዚያ ሥዕሉን በካርዱ መጠን አሳንሶ ያየዋል። እጁ፣ በትሩና ትከሻው አሁንም ከታወቁ ሥራው አልቋል።

ሊሣል የማይገባው

ፍጡር መፍጠር ኃላፊነት አለው። ሰው ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚለው ተረት በሀገራችን ንጹሕ ሰዎችን ጎድቷል። በሰሜኑ ክፍል ቀጥቃጩና ሸክላ ሠሪው «ቡዳ ነው» እየተባለ ለዘመናት ተገልሏል። በሶማሌ ማኅበረሰብም ቱማል የተባሉት ብረት ሠሪዎች የማግለል ግፍ ደርሶባቸዋል። ቆሪ ኢስማሪስን የሚሥል ሰው በፍጡሩ አጠገብ መዶሻና ወናፍ ቢያስቀምጥ ወይም የአንድን ጎሣ መለያ ቢያለብሰው አሮጌውን በደል በአዲስ ቀለም ይጽፈዋል። ዴግዴርም እንዲሁ ናት፤ የሚያስፈራው ጆሮዋና ሩጫዋ ይሁን፣ ብቻዋን የምትኖር አሮጊት መሆኗ አይሁን። ተረቱን ከጥላቻ ማጽዳት የሠዓሊው ግዴታ ነው።

በአካባቢው በሙስሊም ቤተሰቦች ዘንድ ነፍስ ያለውን ነገር ስለመሣል የተለያየ አቋም አለ። ካርድ ሲባልም ቁማር የሚታሰበው ወላጅ አለ። እነዚህን ስጋቶች መናቅ አይገባም። ከሃይማኖት ጋር የተያያዘን ነገር ከጨዋታው ማራቅ፣ በገንዘብ የማይጫወቱበትና ያልታየ እሽግ በመግዛት ዕድል የማይሞከርበት፣ ሁሉም ካርድ በአንድ ሳጥን የሚሸጥ ጨዋታ ማድረግ ይቻላል። ሠዓሊው መጀመሪያ ሥራውን ለቤቱ ሰዎች ያሳይ። አያቱ «እርሷ እንዲህ አይደለችም» ብለው ቢያርሙት ከየትኛውም ዳይሬክተር የተሻለ አስተያየት አገኘ ማለት ነው።

መንገዱን የጀመሩ

ይህ ከባዶ የሚጀመር ሥራ አይደለም። ተረቶቹን በጽሑፍ ማስቀመጥ ቀደም ብሎ ተጀምሯል፦ ሙሴ ገላል እ.ኤ.አ. በ1956 ያወጣው «ሒክመድ ሶማሊ» እና አህመድ አርተን ሐንጌ በ1988 ያሳተመው የሶማሌ ተረቶች ስብስብ ለማንኛውም ሠዓሊ ጥሩ መነሻ ናቸው።

በሥዕልም በኩል ጅግጅጋ የራሷ አላት። የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ የተሰየመለት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ገራድ ዊልዋል የብልህነት ተረቶች ባለቤት ነው። ከእነዚያ አንዱ፣ ገራዱ ሰዎችን አንድ ሊያደርግ ወይም ሊያጣላ የሚችለውን የበግ ብልት አምጡልኝ ያለበት ተረት፣ በአሜሪካ ሚኒሶታ ውስጥ በሶማሊኛና በእንግሊዝኛ በሥዕል መጽሐፍነት እ.ኤ.አ. በ2007 ታትሟል። ሥዕሎቹን የሠራው ታዋቂው ሶማሌያዊ የካርቱን ሠዓሊ አሚን አሚር ነው። እዚያው ሚኒሶታ የዴግዴር ተረትም በማሪያን ሐሰን ተጽፎ በሥዕል ወጥቷል። ከሀገር ርቀው የተሰደዱ ቤተሰቦች ተረቱን ለልጆቻቸው እንዲያቆዩ የተሠራ ሥራ ነው። ተረቱ የተወለደበት አገር ከዚህ ያነሰ መሥራት አይገባውም።

በሌላ በኩል ደግሞ ብስራት ደበበ የመሠረተው ኤታን ኮሚክስ እ.ኤ.አ. በ2018 «ጀምበር» የተሰኘውን የጀግና ተረት በአማርኛና በእንግሊዝኛ አውጥቷል፤ «ሐዊ» ተከትላለች። ኢትዮጵያዊ ጀግና በዲጂታል ሥዕል ሊታይ፣ ሊገዛና ሊነበብ እንደሚችል አሳይቷል። ከሥዕል መጽሐፍ ወደ ካርድ ያለው እርምጃ አጭር ነው።

መሣሪያ፣ ክፍያና መብት

ለመጀመር የሚያስፈልገው ብዙ ሰው እንደሚያስበው ውድ አይደለም። ክሪታ የተባለው የሥዕል ሶፍትዌር በነጻ የሚገኝ፣ በባለሙያዎችም የሚሠራበት ነው። ከላፕቶፕ ጋር በገመድ የሚገናኝ መስኮት የሌለው የሥዕል ታብሌት ባለ መስኮቱን ያህል ይሠራል፤ ዋጋው ግን በእጅጉ ያንሳል። ሥራው በፋይል ይላካል፤ ስለዚህ ሠዓሊው ጅግጅጋ ሆኖ ለአዲስ አበባም ለሌላ አገርም ሊሠራ ይችላል። የሚያስቸግረው መብራት መጥፋት፣ የኢንተርኔት መቆራረጥ፣ ከውጭ የሚመጣ ክፍያ መቀበያ መንገድ ማጣትና ከሁሉ በላይ ሥራውን አይቶ የሚያርም መምህር አለመኖር ነው። አለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት አዲስ አበባ ነው ያለው፤ ከአይሻ ወይም ከአውበሬ የመጣ ልጅ እዚያ ለመድረስ ብዙ መንገድ ይቀረዋል።

ሥዕል ሸጦ ሊኖር የሚያስብ ወጣት ውል መጻፍ መልመድ አለበት። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለሥራ አመንጪው የኢኮኖሚና የሞራል መብት ይሰጣል። ለሥዕሉ ምን ያህል እንደሚከፈል ብቻ ሳይሆን ማን ዳግም ሊያትመው እንደሚችል፣ ስሙ በካርዱ ላይ እንደሚጻፍ፣ ኦሪጅናል ፋይሉ የማን እንደሆነ በጽሑፍ ይቀመጥ። በማጂክ ካርድ ግርጌ የሠዓሊው ስም ይጻፋል፤ ይህ ልማድ እኛም ጋ ይጠበቅ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥዕል በሚያመርትበት ጊዜ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን የሚል ይኖራል። ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ሠዓሊዎቹ ለማጂክ ሥራ እንዲህ ያለውን መሣሪያ እንዳይጠቀሙ እንደሚጠይቅ አስታውቋል፤ በጃንዋሪ 2024 ደግሞ ባወጣው አንድ የማስታወቂያ ሥዕል ውስጥ የማሽን ሥራ መግባቱን አምኗል። ክርክሩ በትልልቆቹም ዘንድ አላለቀም። ለእኛ ግን ጉዳዩ ግልጽ ነው። ማሽኑ የሚሠራው ከዚህ በፊት ከተሣለው ተነሥቶ ነው። በአያት አፍ የቀረውን፣ ማንም ያልሣለውን ተረት ከየትም አያገኘውም። ክፍተቱን በሌላ አገር አውሬ ሞልቶ ቆሪ ኢስማሪስ ነው ይለናል፤ ያን የሚያርም የእኛ ሥዕል ከሌለ ልጆቻችን ያምኑታል።

መጀመሪያ ማዳመጥ

ሥራው በሠዓሊ ብቻ አይጀመርም። ተረቱን የሚያውቁ ሰዎች እያረጁ ነው። ጅግጅጋ ዩኒቨርሲቲ፣ የሶማሌ ክልል የባህል ቢሮና የየትምህርት ቤቱ መምህራን ተማሪዎቻቸው በዕረፍት ወራት ወደ ቀብሪበያህ፣ ሐርትሼክ፣ ኤረርና ሽንሌ ሄደው የአያቶቻቸውን ተረት በስልካቸው ድምፅ እንዲቀዱ ቢያደርጉ ወጪው ጥቂት፣ ፍሬው ትልቅ ነው። ተራኪው ማን እንደሆነ፣ ተረቱን ከማን እንደሰሙ፣ በየትኛው ቀበሌ እንደተነገረ አብሮ ይመዝገብ። የተቀዳውን ድምፅ ለሠዓሊዎች ክፍት ማድረግ፣ በዓመት አንድ ጊዜ በጅግጅጋ የሥዕል ዐውደ ርእይ ማዘጋጀት፣ ከሐረርና ከድሬዳዋ ሠዓሊዎች ጋር ማገናኘት ቀጣዩ ነው። አንድ ማተሚያ ቤት ደግሞ አርባ ካርድ ያለው አንድ ሳጥን በሶማሊኛና በአማርኛ ቢያትም ጨዋታው ተጀመረ ማለት ነው፤ ቆሪ ኢስማሪስ፣ ዴግዴር፣ ገራድ ዊልዋል፣ ፈሪው ኢጋል ሽዳድ፣ ጅቡ፣ ግመሉ፣ ሐንጎሉ ሁሉ ቦታ ያገኛሉ።

ወላጆች፣ ልጃችሁ አውሬ ሲሥል ብታዩት ጊዜውን አባከነ ብላችሁ አትንጠቁት። ከየት እንደሰማው ጠይቁት፣ የጎደለውን ንገሩት። አንተ ወጣት ሠዓሊ ደግሞ ዘመናዊ መሣሪያ እስክታገኝ አትጠብቅ። ዛሬ ማታ ከአያትህ አጠገብ ተቀመጥ፣ ተረቱን እስከ መጨረሻው አድምጥ፣ ነገ በእርሳስ አንድ ንድፍ ሥራ። የሚያውቀውን ፍጡር በራሱ እጅ የሣለ ሕዝብ ስለ ራሱ ሌላው እስኪነግረው አይጠብቅም።